ምን እንዳያልፍ ትፈልጋላችሁ? ለጅማ ቤት፣ ሱቅና ክሊኒክ የክፍል መከለያ አመራረጥ

ጅማ ውስጥ አንድ ክፍል ለሁለት መክፈል የፈለገ ሰው ምክር አያጣም። አናጺው ቺፑድ ይለዋል። የአሉሚኒየም ባለሙያው መስታወት ይለዋል። ግምበኛው ደግሞ «ብሎኬት ደርድረህ ተገላገል» ይለዋል። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም፤ ሁሉም የሚያውቀውን ነው የሚመክረው። ሰውየው ግን ከፍሎ፣ አሠርቶ፣ ቀለም አስቀብቶ ካበቃ በኋላ ጎን ባለው ክፍል የሚወራውን ቃል በቃል ይሰማል። ወይም ድምፁ ቀርቶለት ክፍሉ ይታፈንበታል።

ይህ የሚሆነው ከዕቃው ስለምንጀምር ነው። መቅደም ያለበት ጥያቄ «ምን እንዳያልፍ እፈልጋለሁ?» የሚለው ነው። በመከለያ የሚያልፉት ነገሮች ሦስት ናቸው፦ ዓይን፣ ድምፅና ትንፋሽ። መጋረጃ ዓይንን ያቆማል፤ ድምፅን ግን አይነካውም። መስታወት ትንፋሽን ያቆማል፤ ዓይንን አያቆምም። ብሎኬት ሦስቱንም ያቆማል። ችግሩም ያኔ ይመጣል፤ ንጹሕ አየርም አብሮ ይቆማል።

መጀመሪያ መስፈርቱ

ከዓይን እንጀምር፤ ቀላሉ እሱ ነው። ለዓይን ብለው ወፍራም ግድግዳ የሚሠሩ ሰዎች ገንዘባቸውን ያባክናሉ። ዓይን ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፤ መንገዱን ካጠፋችሁበት በቂ ነው። አንድ ሰው መሸፈን ያለበት ቦታ ላይ ይቀመጥ፤ ሌላው በሩ ላይ ይቁምና ወዲያ ወዲህ ይበል። የሚተያዩበትን መስመር ወለሉ ላይ በጠመኔ አስምሩ። መከለያው የት ቆሞ ምን ያህል እንደሚሰፋ ያ መስመር ይነግራችኋል። ብዙ ጊዜ 1 ሜትር ተኩል ስፋት ያለው መከለያ በትክክለኛው ቦታ ከቆመ ክፍሉን ዳር እስከ ዳር ከሚዘጋው ግድግዳ እኩል ይሠራል።

ድምፅ ይለያል። ድምፅ ይዞራል፣ ይሾልካል፣ ይወጣል፣ ይወርዳል። ሁለት ነገር ያቆመዋል፦ ክብደትና ቀዳዳ አለመኖር። ሰዎች ስለ ክብደቱ ያስባሉ፤ ቀዳዳውን ይረሳሉ። ጣሪያው 2.80 ሜትር በሆነ ክፍል ውስጥ 2.10 ሜትር ከፍታ ያለው ፓርቲሽን ብታቆሙ ከላይ ሩቡ ክፍት ነው። ፓርቲሽኑ ከምንም ይሠራ፣ በቀጥታ የሚቀንሰው ድምፅ ከ6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ገደማ አይበልጥም። ጆሮ ለውጡን ያውቀዋል፤ ወሬው ግን አንድም ቃል ሳይቀር ይሰማል።

የበር ሥር ክፍተትንም ተመልከቱ። 3 ሜትር ርዝመትና 2.80 ሜትር ከፍታ ያለው ግድግዳ 40 ዴሲቤል ይቀንሳል እንበል። ጥሩ ግድግዳ ነው፤ ሰው በተለመደ ድምፅ ሲያወራ ከ1 ሜትር ርቀት 60 ዴሲቤል ገደማ ነውና ወዲያ ማዶ የሚሰማው ማጉረምረም ብቻ ነው። አሁን 90 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው በር ሥር 2 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ተዉ። በሩ ራሱ እንደ ግድግዳው ጠንካራ ቢሆን እንኳ 40 የነበረው ወደ 27 ይወርዳል። በዚያች ክፍተት ብቻ የግድግዳው ገንዘብ ባክኖ ቀረ ማለት ነው።

በእኛ ከተማ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ፤ ኮርኒሱ። አብዛኛው የውስጥ ግድግዳ ኮርኒሱ ጋ ይቆማል። ኮርኒሱ ስስ ኮምፔንሳቶ ወይም ፕላስቲክ ነው። ድምፁ በኮርኒሱ ይወጣል፣ ከቆርቆሮው ሥር ይሻገራል፣ በሚቀጥለው ክፍል ኮርኒስ ይወርዳል። ድምፅ ካስጨነቃችሁ ግድግዳው ኮርኒሱን አልፎ እስከ ቆርቆሮው መውጣት አለበት። ደግሞ መከለያችሁን ዝናብ ቆርቆሮውን እየመታ ፈትሻችሁ «አሪፍ ነው» አትበሉ። በዚያ ሰዓት የትኛውም ግድግዳ ጥሩ ነው። ጸጥ ባለ ምሽት አንዱ ክፍል ውስጥ ሬዲዮ በሰው ንግግር ልክ ክፈቱና ወዲያኛው ሄዳችሁ ስሙ።

ሦስተኛው ትንፋሽ ነው፤ ብዙ የምቆየውም እዚህ ላይ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና አገራችን ገባ ሲባል ሁላችንም «ሁለት የአዋቂ እርምጃ» የሚለውን ተማርን። የዓለም ጤና ድርጅት ቢያንስ 1 ሜትር ይል ነበር፤ አሜሪካኖቹ ወደ 1.80 ሜትር ገደማ። ርቀቱ የሚሠራው ስናወራና ስናስል ለሚወጣው ጠብታ ነው፤ ጠብታው ከባድ ስለሆነ ሩቅ ሳይሄድ ይወድቃል። በጣም ደቃቁ ግን አየር ላይ ይንሳፈፋል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ርቀቱ ብቻ አያቆመውም። የቲቢ ነገርም እንደዚሁ ነው፤ በአየር ነው የሚተላለፈው። መድኃኒቱ አየሩን መቀየር ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የአየር ዝውውር መመሪያ ለመኖሪያና ለሥራ ቦታ በአንድ ሰው በሴኮንድ 10 ሊትር፣ ለሕክምና ክፍል በአንድ ታካሚ በሴኮንድ 60 ሊትር ይጠይቃል።

ወደ እኛ ክፍል እናምጣው። 3 በ3 የሆነ ክፍል፣ ጣሪያው 2.80፣ ውስጡ 25 ሜትር ኩብ ገደማ አየር ይይዛል። ሁለት ሰው ከሠራበት አየሩ በሰዓት 3 ጊዜ ያህል መቀየር አለበት። አንድ በሽተኛ የሚታይበት ከሆነ 9 ጊዜ ገደማ። መስኮት ካለው፣ በሩም ፊት ለፊት ከሆነ ይህ አያስቸግርም። አንድ መስኮት ያለውን ክፍል ለሁለት ከከፈላችሁት ግን አንደኛው ግማሽ መስኮት አልባ ይሆናል። በዚያ ግማሽ ውስጥ የሚቀመጠው ሰው የሚተነፍሰው የሌላውን ሰው ትንፋሽ ነው። ለጥንቃቄ ተብሎ የተሠራው ግድግዳ ጉዳት አመጣ ማለት ነው።

አየር በየት እንደሚሄድ ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ቡና ሲፈላ የሚጨሰው ዕጣን ይበቃል። ማጨሻውን ሰው በሚቀመጥበት ቦታ አስቀምጡ፤ መስኮቱን ክፈቱና ጭሱን ተከተሉት። ቀጥ ብሎ ወደ መስኮቱ ከሄደ ጥሩ ነው። ክፍሉ መሐል ተንጠልጥሎ ከቀረ፣ ወይም ወደ ሌላው ሰው ወንበር ካመራ፣ መቀመጫውን ወይም መከለያውን አዙሩ። መከለያ ከመሥራታችሁ በፊት አንሶላ ወጥራችሁ ብትሞክሩት ደግሞ የበለጠ ትጠቀማላችሁ።

ርቀት ቦታ ስለሚበላ በሜትር ቁጠሩት። 3 ሜትር ርዝመት ባለው አግዳሚ ላይ አንድ ሰው ግማሽ ሜትር ይይዛል እንበል፤ በመካከላቸው 1 ሜትር ከተተወ የሚቀመጡት 2 ሰዎች ብቻ ናቸው። ሦስተኛው እንዲገባ 3 ሜትር ተኩል ያስፈልጋል። በሽታም ባይኖር ሰው የራሱን ቦታ ይፈልጋል። ኤድዋርድ ሆል የሚባል አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የአገሩን ሰዎች አይቶ እስከ 45 ሴንቲ ሜትር የቤተሰብ፣ እስከ 1.20 ሜትር የወዳጅ፣ ከዚያ እስከ 3.60 ሜትር የሥራና የማኅበራዊ ግንኙነት ርቀት ነው ብሏል። እኛ ከዚህ ቀረብ ብለን ነው የምንቀመጠው። ቢሆንም የማያውቁት ሰው አፍንጫቸው ሥር ሲቀመጥ ማንም አይመቸውም።

አራተኛው መስፈርት የጅማ ነው፤ እርጥበት። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ላይ ብትሆንም ደረቅ አይደለችም። ዝናቡ ክረምትን አይጠብቅም፤ በበልግም ይዘንባል። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይወርዳል። በአዌቱ ወንዝ አካባቢ ባሉ ዝቅ ያሉ ሰፈሮች ወለሉ ራሱ ወዝ ያወጣል። ምስጡም አለ። ደረቅ አገር ላይ ዓመታት የሚቆይ ዕቃ እዚህ በቶሎ ያብጣል፣ ይሻግታል።

የቀሩት አጭር ናቸው። ቤቱ የኪራይ ከሆነ መከለያው መነሳት አለበት። ፎቅ ላይ ከሆነ ክብደቱ ይታሰብ። ዋጋን በተመለከተ ብር አልጽፍም፤ የዕቃ ዋጋ በየጊዜው ይገለባበጣል። ከታች ያስቀመጥኩት ከርካሽ ወደ ውድ ያለውን ቅደም ተከተል ነው። ስትጠይቁ በካሬ ሜትር፣ ዕቃና እጅ ተለይቶ ይነገራችሁ።

ሳይከለሉ መለየት

የመጀመሪያው አማራጭ ምንም አለመሥራት ነው። ባለሙያ አይመክረውም፤ የሚያገኝበት ነገር የለም። ግን ስንት ክፍል በዕቃ አቀማመጥ ብቻ ይስተካከላል! ፊት ለፊት የሚተያዩ ወንበሮችን ወደ አንድ አቅጣጫ አዙሩ። ጠረጴዛውን ከበሩ መስመር አውጡት። ጀርባውን ለሌላ ሰው የሰጠ ሠራተኛ ያለ መከለያም የራሱ ቦታ እንዳለው ይሰማዋል።

ከሁሉ በላይ በረንዳ አለ። ጅማ ውስጥ ብርዱ ሰው ውጭ እንዳይቀመጥ አያደርግም፤ ከዝናብ የሚጠብቅ ጣሪያ ካለ ይበቃል። ጂሬን ላይ ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያየ ሰው ሰፊውን የእንጨት በረንዳ ያስታውሳል። አሁን የምንሠራው በረንዳ ግን ጠቦ ጠቦ ጫማ ማውለቂያ ብቻ ሆኗል። ለክሊኒክ፣ ለፋርማሲ፣ ለጠበቃ ቢሮ፣ ወረፋ ለሚያዝበት ሁሉ፣ ተጠባባቂውን ወደ በረንዳ ማውጣት ከየትኛውም ፓርቲሽን ይበልጣል። አየሩ ክፍት ነው፣ ርቀት ይገኛል፣ ውስጥ የሚወራውም አይሰማም። ስፋቱን ቢያንስ 2 ሜትር አድርጉት፤ ከዚያ ከጠበበ ዝናብ ሲመጣ ሁሉም ተመልሶ ይገባል።

መጋረጃ

ለዓይን፣ ለኪራይ ቤትና ለትንሽ በጀት ተወዳዳሪ የለውም። ስፋቱ ከሐዲዱ አንድ ጊዜ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ይሁን፤ አለዚያ ተወጥሮ ጥላ ያሳያል። ከመሬት 20 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ ከላይም ክፍተት ይተውለት፤ አየር ያልፋል፣ ጨርቁም ከታጠበ ወለል እርጥበት አይጠጣም። ድምፅን ይቀንሳል ብሎ ወፍራም ጨርቅ የሚሸጥላችሁ ካለ አትመኑት። ወፍራም ጨርቅ የክፍሉን ማስተጋባት ያለዝባል፤ ወሬን ግን አያቆምም።

ሕክምና ቤት ውስጥ መጋረጃ ሌላ ጣጣ አለው። ሁሉም በእጁ ይነካዋል። ሁለት ቅያሪ ከሌለውና በየጊዜው ካልታጠበ ራሱ የበሽታ መተላለፊያ ይሆናል። በአልጋና በአልጋ መካከል ያለውን ርቀትም አይተካም፤ ቢያንስ 1 ሜትሩ ይጠበቅ።

ተንቀሳቃሽ የእንጨት መከለያና ቁምሳጥን

ጅማ በእንጨት ሥራ የታወቀች ናት፤ ባለሦስት እግር በርጩማዋን የማያውቅ የለም። ይህን ሙያ ለመከለያ ብዙም አንጠቀምበትም፤ ያሳዝናል። ሦስት ወይም አራት ቅጠል ያለው፣ በማጠፊያ የተያያዘ፣ 1.80 ሜትር ከፍታ ያለው መከለያ ጎበዝ አናጺ በቀላሉ ይሠራዋል። ከዋንዛ፣ እዚህ ዋዴሳ ከምንለው፣ ከተሠራ ዕድሜ ልክ ይኖራል። ከባህር ዛፍ ካዘዛችሁ እንጨቱ በደንብ መድረቁን አረጋግጡ፤ እርጥቡ ከወራት በኋላ ይጣመማል። እግር ይኑረው፤ ከመሬት ከፍ ካለ ምስጥም እርጥበትም አይደርስበትም።

ቁምሳጥን ወይም የመጻሕፍት መደርደሪያ መሐል ላይ ማቆምም አንድ ዘዴ ነው። ዕቃ የሞላው መደርደሪያ ድምፅን ከመጋረጃ ይሻላል። ልጅ ያለበት ቤት ግን ከግድግዳ ወይም ከጣሪያ ጋር ይታሰር፤ ልጅ ይንጠለጠልበታል፣ ይወድቃል። ይህን አደራ እላለሁ።

ቺፑድና ኮምፔንሳቶ

ሱቅና ቢሮ ውስጥ በብዛት የምናየው ይሄ ነው። በሞራሌ ፍሬም ላይ ግራና ቀኝ ይመታል፣ በአንድ ቀን ይቆማል። ለዓይን ጥሩ ነው። ለድምፅ ደካማ ነው፤ ቀላል ነው፣ ውስጡ ባዶ ነው፣ ሲያንኳኩት እንደ ከበሮ ይጮኻል። እርጥበት ደግሞ ጠላቱ ነው። ቺፑድ ውሃ ከነካው ያብጣል፣ ካበጠ በኋላ አይመለስም። ወለል በውሃ በሚታጠብበት ቦታ ከታች 10 ሴንቲ ሜትሩን በሴራሚክ ወይም በብሎኬት አንሱለት። በሁለት መሐል የምትወላውሉ ከሆነ ኮምፔንሳቶ ይሻላል፤ እርጥበትን ከቺፑድ በተሻለ ይችላል።

ጂፕሰም ቦርድ

ጂፕሰም፣ ማለትም በወረቀት የተለበጠ የጀሶ ሰሌዳ፣ በብረት ፍሬም ላይ ሲሠራ ንጹሕ፣ ቀላልና ቀጥ ያለ ግድግዳ ይሰጣል። በራሱ ውስጥ ውሃ ስለያዘ እሳትንም ከእንጨት በተሻለ ይቋቋማል። ግራና ቀኝ አንዳንድ ቦርድ ብቻ ከተመታበት 35 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል፤ መሐሉ በድንጋይ ሱፍ (ከድንጋይ የሚሠራ፣ ሱፍ የሚመስል መሙያ) ከተሞላ ወደ 40 ይጠጋል፣ በየጎኑ ቦርዱ ድርብ ከሆነ ከዚያም ያልፋል። ይህ የሚሆነው ጠርዙ ሁሉ በሲሊኮን ከተደፈነና ግድግዳው ከኮርኒሱ በላይ ከወጣ ነው። ሁለት የሶኬት ሳጥኖች ጀርባ ለጀርባ ከተቀመጡ ደግሞ ቀዳዳው እዚያ ነው፤ አራርቋቸው።

ስለ ድምፅ ካነሳን አንድ ነገር ልበል። የእንቁላል ካርቶንና ስፖንጅ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ድምፅ ወደ ጎረቤት እንዳያልፍ አያደርግም። ክፍሉ ውስጥ ያለውን ማስተጋባት ትንሽ ይቀንስ ይሆናል፤ ከዚያ አያልፍም። በቀላሉ የሚቀጣጠል ነገር ግድግዳ ላይ ደርድሮ መተኛት ደግሞ ልክ አይደለም።

የጂፕሰም ችግር ለጅማ ሁለት ነው። አንደኛው መንገዱ፤ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጭኖ የሚመጣ ቦርድ ጠርዙ ይሰበራል፣ ዋጋውም ይጨምራል። ከመረከባችሁ በፊት አንድ በአንድ እዩ። ሁለተኛው ውሃ፤ የረጠበ ቦርድ ይላላል፣ ወረቀቱ ይሻግታል። መፍትሔው ከታች አንድ ረድፍ ብሎኬት፣ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ደርድሮ ጂፕሰሙን ከዚያ በላይ መጀመር ነው። መታጠቢያ ቤት አጠገብ ከሆነ እርጥበት የሚችለውን አረንጓዴ ቦርድ ጠይቁ። ቴሌቪዥን የሚሰቀልበት ቦታ ካለ ግድግዳው ከመዘጋቱ በፊት ከኋላ ጣውላ ይግባበት።

አሉሚኒየምና መስታወት

እርጥበት አይነካውም፣ ምስጥ አይበላውም፣ ብርሃን ያሳልፋል፣ በጨርቅ ይጸዳል። ውድ ነው። 6 ሚሊ ሜትር መስታወት በደንብ ከተገጠመ 30 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል፤ ተንሸራታች በር ካለው ግን በክፍተቱ ይሾልካል። ለዓይን የማያሳይ መስታወት ወይም ስቲከር ያስፈልገዋል፤ ስቲከሩን ቁጭ ባለና በቆመ ሰው ዓይን ከፍታ መካከል፣ ከ90 ሴንቲ ሜትር እስከ 1.80 ድረስ፣ መለጠፍ ይበቃል። ብርሃኑ ከላይ ይገባል።

ባንክና ፋርማሲ መስኮት ላይ የሚቆመው ግልጽ ፕላስቲክ ወይም መስታወት ፊት ለፊት የሚመጣውን ጠብታ ይይዛል። ደቃቁን አየር ወለድ ግን አይይዝም። ሦስት አራት እየሆነ ክፍሉን ከሸነሸነው ደግሞ የአየሩን መንገድ ይዘጋል። ገንዘብ ተቀባዩ ፊት አንድ ይበቃል።

ብሎኬት

ለድምፅ ከተዘረዘሩት ሁሉ የሚታመነው እሱ ነው። የ10 ሴንቲ ሜትሩ ብሎኬት ግራና ቀኝ ከተለሰነ ከ40 ዴሲቤል በላይ ይቀንሳል። ልስን የሌለው ግን በቀዳዳዎቹ ድምፅ ያሳልፋል፤ «ልስኑ ሌላ ጊዜ ይደረሳል» ብላችሁ አትተዉት። እርጥበትን ይችላል፣ ምስጥ አያገኘውም።

ክብደቱን አስቡ። የተለሰነ የ10 ሴንቲ ሜትር ግድግዳ በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ከፍታው 2.80 ከሆነ በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት ከ5 ኩንታል በላይ ወለሉ ላይ ይጫናል ማለት ነው። ያው ግድግዳ በጂፕሰም 1 ኩንታል አይሞላም። ምድር ቤት ላይ መሠረቱ ይታይ፤ ፎቅ ላይ ያለ መሐንዲስ ምክር አንድም ብሎኬት አይቀመጥ። ሌላው ጊዜ ነው። ክረምት ላይ የተለሰነ ግድግዳ ቶሎ አይደርቅም፤ ሳይደርቅ የተቀባ ቀለም ይላጣል። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ደረቅ ጊዜ ለዚህ ሥራ ጥሩ ነው።

የጭቃ ግድግዳም አይናቅ። ነባር የጭቃ ቤት ውስጥ ክፍል የምትጨምሩ ከሆነ በአጠናና በማገር የቆመ፣ በደንብ የተመረገ ግድግዳ ክብደት አለው፣ ድምፅን ከቺፑድ በብዙ ይበልጣል፣ ወጪውም ትንሽ ነው። እግሩን ከእርጥበትና ከምስጥ ማራቅ ብቻ ነው።

በአንድ እይታ

| አማራጭ | ዓይን | ድምፅ | አየር ያሳልፋል? | የጅማ እርጥበት | ይነሳል? | ወጪ (1 ርካሽ) |
|---|---|---|---|---|---|---|
| አቀማመጥና በረንዳ | መካከለኛ | በረንዳው ጥሩ | በጣም | አይነካውም | አዎ | 1 (በረንዳ ካለ) |
| መጋረጃ | ጥሩ | የለም | አዎ | ይታጠባል | አዎ | 2 |
| የእንጨት መከለያ | ጥሩ | ትንሽ | አዎ | እግር ካለው ጥሩ | አዎ | 3 |
| ቺፑድ፣ ኮምፔንሳቶ | ጥሩ | ደካማ | ከላይ ክፍት ከሆነ | ቺፑድ መጥፎ | በከፊል | 4 |
| ጂፕሰም ቦርድ | ጥሩ | ጥሩ | አያሳልፍም | ከታች ካልተነሳ መጥፎ | በከፊል | 5 |
| ብሎኬት ከነልስኑ | ጥሩ | በጣም ጥሩ | አያሳልፍም | ጥሩ | አይነሳም | 5 |
| አሉሚኒየምና መስታወት | በስቲከር | መካከለኛ | አያሳልፍም | በጣም ጥሩ | በከፊል | 6 |

ጂፕሰምና ብሎኬትን እኩል ያደረግኩት እንደ ጊዜው አንዱ ከሌላው ስለሚበልጥ ነው። ሁለቱንም አስገምቱ።

ለማን የቱ?

አንድ ክፍል ተከራይታችሁ ለሁለት የምትኖሩ ተማሪዎችና ጓደኛሞች መጋረጃ ይበቃችኋል። መስኮቱን መሐል ለመሐል አትክፈሉት፤ መጋረጃው ከመስኮቱ ትንሽ ራቅ ብሎ ይጀምር፣ አየሩ ለሁለታችሁም ይድረስ። የራስጌ አቅጣጫችሁን አለያዩ፣ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ። ለጥናት ጸጥታ ከፈለጋችሁ ግን ግድግዳ ሳይሆን ስምምነት ነው የሚያዋጣው።

እንግዳ የሚበዛበት ቤተሰብ ሳሎኑን ከመኝታው መለየት ይፈልጋል። ሴቶቹ እንግዳ ሳያያቸው ወደ ጓዳ ማለፍ የሚፈልጉበት ቤት፣ ሶላት የሚሰገድበት ጸጥ ያለ ጥግ የሚያስፈልግበት ቤት፣ በእኛ ከተማ ብዙ ነው። እዚህ የዓይን መስመሩን ስበሩ። ከውጭ በሩ ፊት ለፊት የእንጨት መከለያ ይቁም፤ ወደ ጓዳ የሚወስደው መተላለፊያ ከኋላው ይሁን። አዲስ ቤት የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ገና በፕላኑ ላይ የሳሎን በርና የመኝታ በር ፊት ለፊት እንዳይሆኑ ንገሩ። ይህ ምንም ወጪ የለውም፤ ከተሠራ በኋላ ግን በብዙ ገንዘብ አይስተካከልም።

ቤት ውስጥ የሚያስል አባት ወይም እናት ካለ አልጋቸው መስኮት ያለው ክፍል ውስጥ፣ ከመስኮቱ አጠገብ ይሁን። አስታማሚው ከሌላኛው ወገን፣ ንፋሱ በሚገባበት በኩል ይቀመጥ። በጨለማ ጓዳ ከልሎ ማስተኛት አክብሮትም ጥንቃቄም አይደለም።

የሴቶች የውበት ሳሎን ያላችሁ፣ ደንበኞቻችሁ ሒጃብ አውልቀው የሚቀመጡ ከሆነ፣ በሩ ላይ ያለው አንድ መጋረጃ በቂ አይደለም፤ በተገለጠ ቁጥር መንገደኛው ያያል። ከበሩ 1 ሜትር ከ20 ገባ ብሎ፣ ከበሩ በግራም በቀኝም ሰፋ ያለ ሁለተኛ መከለያ አቁሙ። መስታወቱንም አስቡት፤ ግድግዳ ላይ ያለው መስታወት ከበሩ ፊት ለፊት ከሆነ መከለያውን አልፎ ያሳያል። የማቅለሚያ ኬሚካል ስላለ ከላይ ክፍት ይሁን።

ለክሊኒክና ለፋርማሲ ምክሬ ጠንከር ያለ ነው። ሐኪም ታካሚን «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ሲል ወረፋ የያዘው ሰው መልሱን መስማት የለበትም። ሰው በዚህ ምክንያት ሕመሙን ይደብቃል። መመርመሪያ ክፍሉ ብሎኬት ወይም ሱፍ የተሞላ ጂፕሰም፣ እስከ ቆርቆሮው የወጣ፣ በሩ ከሥር የተደፈነ ይሁን። የግድ የራሱ መስኮት ይኑረው። መስኮት የሌለው ክፍል ካለ መመርመሪያ አታድርጉት፤ መዝገብ ቤት አድርጉት። ተጠባባቂዎች በረንዳ ላይ። ፋርማሲ ላይ ደግሞ የወረፋውን መጀመሪያ ከመስኮቱ 2 ሜትር ያርቁት፤ ወለሉ ላይ መስመር መሳል ይበቃል።

በጀቱ ትንሽ የሆነ የጠበቃ ወይም የሂሳብ ባለሙያ ቢሮ ሙሉ ግድግዳ ከማሠራቱ በፊት ገንዘቡን በሩ ላይ ያውለው። ወፍራም የእንጨት በር፣ ዙሪያውን ጎማ፣ ከሥር መዝጊያ።

ከባለሙያው ጋር ስትዋዋሉ ደግሞ ቀሪውን ክፍያ ለሁለት ፍተሻ አስቀሩ። አንደኛው ማታ መብራት አጥፍታችሁ በአንዱ በኩል ባትሪ አብሩ፤ ብርሃን በሾለከበት ሁሉ ድምፅም ይሾልካልና ይደፈን። ሁለተኛው የሬዲዮው ነው። ሁለቱን ካለፈ ክፈሉ።